አንድ ኮምፒውተር፣ አራት አድራሻ፦ ከሐረር አንድ ቤተ መጻሕፍት የተጻፈ የጉዳይ ጥናት

ስልኩ የተደወለው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። «ልጄ፣ ዛሬም ቁጥሩ እምቢ አለ» አሉኝ። የደወሉልኝ ሐረር ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናቸው፤ እኔ «እትዬ» ነው የምላቸው። ቁጥሩ የሚሉት ግድግዳው ላይ በትልቁ ጽፌ የለጠፍኩትን የኮምፒውተሩን አድራሻ ነው፦ 192.168.1.102፣ ከኋላው ሁለት ነጥብና 8000። ሰኞ ሠርቷል። ማክሰኞ ማታ መብራት ሄዶ መጣ። ረቡዕ ጠዋት ልጆቹ ያንኑ ቁጥር ስልካቸው ላይ ቢጽፉ የሚከፈት ነገር ጠፋ።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች በፒዲኤፍ ተሰብስበው አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ኢንተርኔት የለውም፤ ያለው አንድ ራውተር ነው። ልጆቹ በስልካቸው ከራውተሩ ጋር ይገናኛሉ፣ ከኮምፒውተሩ የሚፈልጉትን ያወርዳሉ፣ ለዳታ ምንም አይከፍሉም። ለፈተና የሚዘጋጅ ልጅ የምሳውን ብር ለፓኬጅ ሲያውል አይቼ ስለማውቅ ይህ ሥራ ከልቤ የገባሁበት ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ጫንኩ፤ ከራውተሩ ጋር በዩኤስቢ በምትሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ አገናኘሁት፤ ፓይዘን ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር አብራ የምትመጣውን ቀላል ሰርቨር፣ ማለት ፋይሎቹን ለጠየቀ ስልክ የምታድል ፕሮግራም፣ አስነሣሁ። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ጠቅላላው ግማሽ ቀን አልፈጀም። የቀረው አድራሻውን ለልጆቹ መንገር ብቻ ነበር። እስከ ሚያዝያ ድረስ ያመላለሰኝ ግን እሱ ነው። የምኖረው ድሬዳዋ ስለሆነ እያንዳንዱ ብልሽት ወይ በስልክ መፈታት አለበት፣ ወይ ሚኒባስ ተሳፍሬ የደንገጎን ዳገት መውጣት አለብኝ።

አድራሻው ለምን ይለዋወጣል? በአንድ ቤት ውስጥ ላሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ቁጥር የሚያድለው ራውተሩ ነው፤ አሠራሩ ዲኤችሲፒ ይባላል። ቁጥሩ ለዘላለም አይሰጥም፣ በኪራይ ነው። የኪራይ ዘመኑ ሲጋመስ ኮምፒውተሩ ራሱ ያስታድሳል፤ ስለዚህ መብራት ሳይሄድ ለወራት አንድ ቁጥር ይዞ ሊቆይ ይችላል። ብዙ ርካሽ ራውተሮች ግን ለማን ምን እንደሰጡ የሚያስታውሱት በኤሌክትሪክ ጊዜያዊ ማስታወሻቸው ላይ ነው። መብራት ሲሄድ መዝገቡ ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ስልኮቹ በሰኮንዶች ውስጥ ይገናኛሉ፤ አሮጌው ዴስክቶፕ ገና እየተነሣ ነው። ሲደርስ የትናንት ቁጥሩን አንዱ ስልክ ወስዶታል። በዚያ ረቡዕ 102ን የያዘው የአንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ስልክ ነበር፤ ሌሎቹ ልጆች ሳያውቁት የእሱን ስልክ ነበር የሚያንኳኩት።

እትዬ ግን እኔን ብቻ የሚጠብቁ ሰው አይደሉም። ስክሪኑ ላይ ሰርቨሯ ስትነሣ የምትጽፈውን መስመር አነበቡና ወረቀቱን ቀደው አዲስ ለጠፉ፦ 0.0.0.0፣ ሁለት ነጥብ፣ 8000። ፓይዘን በእርግጥ እንዲያ ነው የሚጽፈው። አንድ ልጅ ስልኬ ላይ ደውሎ «አቦ ቲቸር፣ ዜሮ ብቻ የሆነ አድራሻ አለ እንዴ?» ሲለኝ ነው የገባኝ። አራቱ ዜሮ አድራሻ አይደሉም፤ «በየትኛውም በኩል የመጣ ይግባ» የሚል የሰርቨሯ ፈቃድ ነው። ለጎረቤት የሚነገር ነገር የለበትም። ስልኩ ላይ ሲጻፍ ደግሞ ስልኩ ራሱን መልሶ ይፈልጋል። ይህን የሚያነብ ሰው ሰርቨር አስነሥቶ አራት ዜሮ ካየ፣ ያንን ለሰው እንዳያቀብል አደራ እላለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አድራሻውን ራሱ አግኝቶ በትልቅ ፊደል ስክሪኑ ላይ የሚያወጣ ስክሪፕት፣ ማለት አጭር ፕሮግራም፣ ልጻፍለት ብዬ ተነሣሁ። እትዬ የሚያነቡት፣ ልጆቹ የሚጽፉት።

የመጀመሪያው ስክሪፕቴ ሁለት መስመር ነበረች፤ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጽፋት ዓይነት። ኮምፒውተሩን «ስምህ ማን ነው?» ብላ ትጠይቃለች፣ ከዚያ «የዚህ ስም አድራሻ የት ነው?» ትላለች። ፓይዘን ላይ ጌት ሆስት ኔም እና ጌት ሆስት ባይ ኔም የሚባሉት ሁለቱ ጥሪዎች ናቸው። የመለሰችው 127.0.1.1 ነው።

በ127 የሚጀምሩት ቁጥሮች ከ16 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ሁሉም ግን አንድ ትርጉም ነው ያላቸው፦ «እኔው ራሴ»። ከኮምፒውተሩ ወጥተው የትም አይሄዱም። ኡቡንቱና እናቱ ዴቢያን ደግሞ ሲጫኑ የኮምፒውተሩን ስም ሆስትስ በሚባለው ፋይል ውስጥ ከ127.0.1.1 ጋር ያያይዙታል፤ ኔትወርክ ባይኖርም ስሙ የሚያርፍበት እንዳያጣ ነው። ስክሪፕቴ አልዋሸችም። አንድን ሰው «ቤትህ የት ነው?» ስትለው «እቤቴ» ቢልህ እውነቱን ነው፤ እንግዳው ግን አይደርስም።

ሁለተኛውን መንገድ ብዙ አልቆየሁበትም። ሆስት ኔም የሚባለውን ትእዛዝ ከትልቁ አይ (-I) ጋር ብትጠሩት የኮምፒውተሩን አድራሻዎች በሙሉ በአንድ መስመር ይደረድራል። እኔ የመጀመሪያውን ቁጥር ቆርጬ ወሰድኩ። ሠራ። በኅዳር የዴስክቶፑ ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለና ለሁለት ሳምንት የራሴን ላፕቶፕ በምትኩ አስቀመጥኩ፤ እዚያ ላይ ግን ስክሪኑ 172.17.0.1 አወጣ። ላፕቶፔ ላይ ዶከር የሚባል፣ ፕሮግራሞችን ለየብቻ አጥሮ የሚያስኬድ መሣሪያ ነበረ፤ ዶከር ለራሱ የሚፈጥረው የውስጥ ድልድይ አድራሻ ነው። የትእዛዙ መመሪያ በግልጽ «በቅደም ተከተሉ አትመኑ» ይላል፤ አላነበብኩትም ነበር። ዊንዶውስ ላይ ተመሳሳዩን የሚያደርግ ሰው ቨርቹዋል ቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስኬድ ፕሮግራም) ካለው 192.168.56.1 ሊያገኝ ይችላል፤ መልኩ የደህና አድራሻ ስለሚመስል ይበልጥ ያሳስታል። አይፒኮንፊግ በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ሲያዩ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካገኙ ደግሞ ትርጉሙ «ቁጥር የሰጠኝ የለም፣ ለራሴ አወጣሁ» ነው፤ ያኔ ችግሩ ስክሪፕቱ ጋ አይደለም፣ ራውተሩ ጋ ነው።

ሦስተኛው መንገድ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልናገረው።

የሐረር ጁገል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተገነባ ነው፤ አምስት የቆዩ በሮች አሉት። ሸዋ በር በምዕራብ፣ ኤረር በር በምሥራቅ፣ ፈላና በር በሰሜን፣ ሰንጋ በርና ቡዳ በር ወደ ደቡብ። የጁገልን ነዋሪ «በርህ የትኛው ነው?» ብትለው መልሶ ይጠይቅሃል፦ «ወዴት ስሄድ?» ወደ ኤረር ለመውረድና ወደ ሸዋ ለመሄድ አንድ በር አይወጣም። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ዋይፋዩ አንድ በር ነው፣ ገመዱ ሌላ በር ነው፣ ዶከር የሠራው ድልድይ ሌላ። አድራሻ ያለው በሩ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም። በየትኛው በር እንደሚወጣ የሚወስንበት ሰንጠረዥ በውስጡ አለ።

ስለዚህ ስሙን መጠየቅ ትተን መንገዱን እንጠይቀዋለን፦ «ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ብትሄድ በየትኛው በር ትወጣለህ?» በፓይዘን የዩዲፒ ሶኬት ትከፍታላችሁ (ሶኬት ፕሮግራም ከኔትወርክ ጋር የሚነጋገርበት ጫፍ ነው፤ ዩዲፒ ደግሞ ቀድሞ ግንኙነት ሳይመሠርት መልእክት የሚልክ አሠራር ነው)፣ ኮኔክት በሚለው ጥሪ አንድ ሩቅ አድራሻ ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ ጌት ሶክ ኔም ብላችሁ ሶኬቱ ለራሱ የመረጠውን አድራሻ ታነባላችሁ። አራት መስመር አይሞላም። ሰዎች ለሩቁ አድራሻ ብዙ ጊዜ 8.8.8.8ን ይጽፋሉ፤ የጉግል ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ቤት እንዴት ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ እኔም ጠይቄያለሁ። በዩዲፒ ኮኔክት ማለት መዳረሻውን መመዝገብና መውጫውን መምረጥ ብቻ ነው፤ ከኮምፒውተሩ አንዲት ፓኬት፣ ማለት አንዲት የመልእክት ጥቅል፣ አትወጣም። መንገደኛው ጫማውን አድርጎ በሩ ላይ ይቆማል፣ እኛ የትኛው በር ላይ እንደቆመ አይተን እንመልሰዋለን። የቤተ መጻሕፍቱ ራውተር ኢንተርኔት ባይኖረውም «ወደ ሌላ ሁሉ በእኔ በኩል» ብሎ ለኮምፒውተሩ ስለሚነግር መልሱ ትክክል ሆነ፦ 192.168.1.105።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንድ ጠዋት ስክሪኑ 127.0.0.1 አወጣ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ኮምፒውተሩ ዋይፋዩ ሳይያዝ ስክሪፕቱን ያስነሣል፤ መንገድ ስለሌለ ሶኬቱ «አይደረስም» ብሎ ይመልሳል፤ እኔ ደግሞ ስሕተት ሲመጣ 127.0.0.1ን አሳይ ብዬ ጽፌ ነበር። ከብዙ ቦታ የሚገለበጠው ናሙና እንዲያ ስለሚል ነው የጻፍኩት። እትዬ ቁጥሩን በእምነት ለአርባ ልጅ ጻፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስክሪፕቴ የማታውቀውን አትናገርም፦ መልስ ካላገኘች በትልቁ «ገና ነኝ» ብላ ትጽፋለች፣ አሥር ሰኮንድ ትጠብቃለች፣ እንደገና ትጠይቃለች።

አንዳንድ ቀን ደግሞ አድራሻው ትክክል ሆኖ ስልኩ አይከፍትም ነበር። ብዙ ስልኮች ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያዩ ልጁን ሳይጠይቁ ጥያቄውን በሞባይል ዳታ ይልኩታል፤ 192.168 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ደግሞ በሞባይል መረብ ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አርኤፍሲ 1918 የሚባለው ሰነድ በ10 የሚጀምሩትን፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትንና በ192.168 የሚጀምሩትን ለቤት ውስጥ ብቻ ብሎ ለይቷቸዋል፤ በሕዝብ ኢንተርኔት ላይ አይጓዙም። ለዚህም ነው «አይፒዬ (አድራሻዬ) ስንት ነው» ብሎ ኢንተርኔት ላይ መጠየቅ ለእኛ ጉዳይ የማይረዳው፤ የሚነግርህ የራውተሩን የውጭ አድራሻ ነው። በሩ ላይ «ዳታ አጥፍታችሁ ግቡ» የሚል ወረቀት ጨመርን።

በታኅሣሥ ርዕሰ መምህሩ መልካም ነገር አሰቡ፦ ከአስተዳደር ቢሮው እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ የኔትወርክ ገመድ አዘረጉ፣ እትዬ ኢንተርኔት እንዲያገኙ። በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር 10.0.0.37 ነው፤ አንድም ልጅ መግባት አልቻለም።

ይህኛው ቀኑን ሙሉ አስቀምጦ ያሳሰበኝ ነው፤ ምክንያቱም ስክሪፕቷ ምንም አልተሳሳተችም። ኮምፒውተሩ አሁን ወደ ውጭ የሚወስዱ ሁለት በሮች አሉት። ኡቡንቱ ላይ ኔትወርክ ማኔጀር ለእያንዳንዱ በር ክብደት ይሰጣል፦ ለገመድ 100፣ ለዋይፋይ 600። ትንሹ ይመረጣል። እኔ «ወደ 8.8.8.8 በየት ትወጣለህ?» ብዬ ስጠይቅ «በገመዱ» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ልጆቹ ያሉት ግን በዋይፋዩ በር ነው። ሸዋ በር ላይ ቆሜ ከኤረር የሚመጣ እንግዳ እየጠበቅሁ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ «የኮምፒውተሩ አድራሻ» የሚባል አንድ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ያለው «ለእነማን የሚሆን አድራሻ» ነው፤ ጥያቄው ውስጥ ጠያቂው ካልተጠቀሰ መልሱ ትክክል ሆኖም አይጠቅምም።

ማስተካከያው አንድ ቁጥር መቀየር ሆነ። መዳረሻውን ከ8.8.8.8 ወደ 192.168.1.1፣ ማለት ወደ ራሱ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ራውተር አዞርኩት። «ወደ ልጆቹ ራውተር ብትሄድ በየት ትወጣለህ?» መልሱ ወዲያው 192.168.1.105 ሆነ። አንድ ጥበቃም ጨመርኩ፦ የተገኘው አድራሻ በ192.168.1 የማይጀምር ከሆነ አታሳዪ፣ «ገና ነኝ» በዪ። ያኔ ትርፍ መስሎኝ ነበር።

ገመዱ ሌላ ነገርም አሳየኝ። አራት ዜሮ «በየትኛውም በኩል ይግባ» ማለት ስለሆነ ሰርቨሯ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአስተዳደር ቢሮውም ክፍት ሆና ነበር። ይህች የፓይዘን ሰርቨር ለትልቅ አደባባይ የተሠራች አይደለችም፤ ሠሪዎቿም የጥበቃ ፍተሻዋ ትንሽ ነው ብለው ያስጠነቅቃሉ፤ የተነሣችበትን ፎልደር ሁሉ ለመጣው ትዘረዝራለች። ስለዚህ ስክሪፕቷ ያገኘችውን አድራሻ ለሰርቨሯ እንድታቀብልና በዚያ በር ብቻ እንድታደምጥ አደረግሁ። አድራሻው ሲቀየር ሰርቨሯ እንደገና ትነሣለች።

እዚህ ላይ የደረሰ አንባቢ ከመጀመሪያው ጀምሮ የያዘው ጥያቄ ይኖረዋል፦ ለምን ራውተሩ ላይ ቁጥሩን ለዚህ ኮምፒውተር ብቻ አታስርም? ልክ ነው፣ መሆን ያለበት እሱ ነው። የራውተሩን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ሰው ግን ሥራ ለቋል፤ ከዜሮ ማስጀመር ሲባል ደግሞ ሁሉም ፈራ። ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ቋሚ ቁጥር መጻፍ እችል ነበር፤ ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ሳያውቅ ለአንድ ስልክ ቢሰጠው ሁለቱም ይታወካሉ። በጥር ፈቃድ አግኝተን ራውተሩን ከዜሮ አስጀመርነው፣ አዲሱን የይለፍ ቃል በፖስታ አሽገን እትዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥን፣ የዋይፋይ መቀበያዋን ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ ይዛው የመጣችውን መለያ ቁጥር) ከ192.168.1.10 ጋር አሠርን። ከዚያ በኋላ መብራት ቢሄድም ቁጥሩ አልተቀየረም። አድራሻውን በኪውአር ኮድ አትመን በሩ ላይ ለጠፍነው። ስክሪፕቷን ላነሣት አስቤ ነበር፤ እትዬ «ተዋት፣ ስክሪኑን ማየት ለምጃለሁ» አሉኝ።

በሚያዝያ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ ራውተሩን አቃጠለው። ትምህርት ቤቱ አዲስ ገዛ፣ አንድ መምህር ኮምፒውተሩን ከአዲሱ ዋይፋይ ጋር አገናኘ። አዲሱ ራውተር የቤቱ ቁጥር 192.168.0.1 ነው፤ በሁለቱ ፋብሪካዎች መካከል ያለው ልዩነት ያቺ አንድ አኃዝ ናት። ስክሪፕቷ አሁንም «ወደ 192.168.1.1 በየት?» ትላለች፤ እንዲህ ያለ ጎረቤት ስለጠፋ ኮምፒውተሩ እንደማንኛውም ሩቅ አገር ቆጥሮት በገመዱ በኩል ይወጣል፣ መልሱም 10.0.0.37 ይሆናል። ምንም ስሕተት አይታይም፣ ምንም አይጮኽም። ያቺ ትርፍ የመሰለችኝ ጥበቃ ባትኖር እትዬ ያንን ቁጥር ለልጆቹ ሁሉ ይሰጡ ነበር፤ የ12ኛ ክፍል ልጆች ፈተናቸው ደርሶ ነበር። ስክሪኑ ግን «ገና ነኝ» አለ፤ እትዬም «ገና ነኝ ብሎ ቀረ» ብለው ደወሉልኝ። ራውተሩ መቀየሩን ሲነግሩኝ ምክንያቱን ሚኒባስ ሳልሳፈር አወቅሁት።

የመጨረሻው መልክ ይህ ነው። ስክሪፕቷ ከአሁን በኋላ ወደየትም መንገድ አትጠይቅም፤ በሩን በስሙ ትጠራዋለች። ሊኑክስ ላይ የዋይፋይ በሮች ስም በደብሊውና ኤል ይጀምራል፣ የገመድ በሮች ደግሞ በኢና ኤን። አይፒ የሚባለውን ትእዛዝ ጠርታ የበሮቹን ዝርዝር ታነባለች፣ የዋይፋዩን ትመርጣለች፣ እሱ የያዘውን የአራተኛውን ስሪት (አይፒቪ4) አድራሻ፣ ማለት እስካሁን ያየነውን ባለ አራት ቁጥር ዓይነት፣ ትወስዳለች። ራውተር ቢቀየር፣ ገመድ ቢጨመር፣ ዶከር ቢጫን አይነካትም። አንድ በር ብቻ ላለው ኮምፒውተር የዩዲፒዋ ዘዴ ዛሬም አጭርና ጥሩ ናት፤ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ሳትለወጥ ትሠራለች። ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ቦታ በኩል የሚያዞር ፕሮግራም) የከፈተ ሰው ግን የቪፒኤኑን አድራሻ ሊያገኝ እንደሚችል ይወቅ። አዲሱ ራውተር ላይም ቁጥሩን አሠርን፦ 192.168.0.10። ኪውአር ኮዱን በአዲስ አተምን።

በሰኔ መጀመሪያ እትዬ ደወሉ።

«ልጄ፣ ስክሪኑ ‹ገና ነኝ› ይላል። ጽዳት ተደርጎ ነበር፤ ያቺ ፍላሽ የምትመስለው ነገር ላልታ ነው መሰለኝ። ነቅዬ ልሰካት?»

«ይሰኳት፣ እትዬ።»

ስልኩን ሳይዘጉ ጠበቅን። ከኋላቸው ወንበር ሲጎተት፣ ልጆች ሲያወሩ ይሰማኛል። አንድ ዙር አለፈ፣ ሁለተኛው ጀመረ።

«192.168.0.10» አሉ፣ እያንዳንዷን ነጥብ እየጠሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወደ ልጆቹ ዞሩ፦ «ግቡ፣ ተከፍቷል!»